መቀሱን አስቀምጡት! ቲማቲሙ ራሱን ገርዟል

ዛሬ ስለ ቲማቲም ነው የምጽፈው። የሚስቅ ይሳቅ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ በተለይ ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ለእናንተ የተለየ መልእክት አለኝ። ረዘም ይላል፣ ቡና አስቀድታችሁ ተቀመጡ።

ሰሞኑን ኢንቦክሴ በፎቶ ተጥለቅልቋል። "ቲቸር፣ ቲማቲሜ ምን ሆኖ ነው የማያፈራው?" ነው ጥያቄው። ፎቶውን ስከፍተው ሁሉም ያው ነው። በሲባጎ ተወጥሮ የታሰረ አንድ ቀጭን ግንድ፣ ከላይ አራት አምስት ቅጠል፣ ከታች ራቁቱን የቀረ፣ ጫፉ የተቆረጠ። ፍሬ? አንድ ዘለላ፣ ቢበዛ ሁለት። "ማን ቆረጠው?" ብዬ ስጠይቅ መልሱም ያው ነው። "ቪዲዮ ላይ አይቼ።" "ስልጠና ላይ ነግረውን።" "ጫፉን ካልቆረጥከው አያፈራም ብለውኝ።"

እንግዲህ በግልጽ ልናገር። እኔ ባየኋቸው ጓሮዎች ቲማቲሙን ከትልም ከምችም በላይ የጎዳው መቀስ ነው። ትሉን በመድኃኒት ትከላከለዋለህ። የገዛ እጅህን በምን ትከላከለዋለህ?

ቪዲዮው ውሸት ነው ወይ? አይደለም! ችግሩ እኮ እሱ ነው፤ ውሸት ቢሆን ይሻለን ነበር። ቪዲዮው እውነት ነው፣ ግን የሌላ ተክል እውነት ነው።

አብዛኞቹ እነዚያ ቪዲዮዎች የተቀረጹት በመስታወት ቤት ውስጥ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ዌስትላንድ የሚባል አካባቢ አለ፤ ሜዳው ሁሉ መስታወት ነው። እዚያ የሚተከለው ቲማቲም ማደግ የማያቆም ዝርያ ነው። ክረምት ላይ ይተክሉታል፣ አንድ ዓመት ሊሞላው ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ይለቅሙታል። ግንዱ ከ10 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ጣሪያ ሲደርስ ሲባጎውን እየለቀቁ ዝቅ ያደርጉታል። በየሳምንቱ ሠራተኛ እየዞረ የብብት ቡቃያውን ይለቅማል፣ የታችኛውን ቅጠል ያነሳል። ሙቀቱ በኮምፒውተር፣ ውሃው በጠብታ፣ ምግቡ በቱቦ ነው የሚሰጠው። እዚያ መቁረጥ ግዴታ ነው። ካልቆረጡት ጫካ ይሆንባቸዋል።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። አዳማ ነው ያለነው። ጓሮው ከቤቱ ጀርባ ያለች አራት በአምስት ሜትር መሬት ናት። ውሃው ቧንቧ ሲመጣ በባልዲ ተጠራቅሞ የሚጠጣ ነው። ዘሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሮማ ቪ ኤፍ ነው፤ ያቺ ሞላላዋ፣ ለወጥ የምትሆነው። ሮማ ምን ዓይነት ተክል እንደሆነች ሳያውቁ ነው እንግዲህ የዌስትላንድን መቀስ የሚያነሱት!

ቲማቲም በሁለት ይከፈላል። ይቺን ብቻ ብትይዙልኝ ይበቃኛል።

አንደኛው ገደብ የሌለው ነው። ጫፉ ያለማቋረጥ ያድጋል። አበባ ያወጣል፣ ሦስት ቅጠል ይጨምራል፣ አበባ ያወጣል፣ ሦስት ቅጠል ይጨምራል። ብርድ ወይ በሽታ እስኪያስቆመው ድረስ ይቀጥላል። መኒሜከር የሚባለው የቆየ ዝርያ ከዚህ ወገን ነው።

ሁለተኛው ገደብ ያለው ነው። ይሄ የተሰጠው ጊዜ አጭር ነው። የተወሰነ ቁመት ሲደርስ ጫፉ ራሱ አበባ ሆኖ ያልቅና እድገቱን ያቆማል። ሮማ ቪ ኤፍ ከዚህ ወገን ናት። ከችግኝ ጣቢያ ከተዛወረች በኋላ የመጀመሪያዋን ቀይ ፍሬ እስክታሳያችሁ ከ75 እስከ 80 ቀን ገደማ ነው። አብዛኛውን ፍሬዋን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰጥታችሁ ትጨርሳለች። በቃ።

ይህ ባሕርይ ከየት መጣ? በ1914 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ በራሱ ከተከሰተ የዘር ለውጥ ነው። ሳይንቲስቶች ለዘረ መሉ ያወጡለትን ስም ታውቃላችሁ? "ሰልፍ ፕሩኒንግ" ነው። ወደ አማርኛ መልሱት፤ "ራሱን የሚገርዝ" ማለት ነው! ፍሬው ባንድ ላይ ስለሚደርስ፣ በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቲማቲምን በማሽን ማጨድ የተቻለው እንዲህ ዓይነት ዝርያዎች ስለነበሩ ነው። ስሙ ላይ "ራሱን የሚገርዝ" ተብሎ የተጻፈለትን ተክል እኛ ደግመን እንገርዘዋለን። የተላጨን ራስ መላጨት ማለት ይሄ ነው፤ የቀረው ቆዳው ነው።

አሁን ተማሪዎቼ የነበራችሁ ወደ ፊት ቀረብ በሉ።

"አፒካል ዶሚናንስ" የሚለውን ታስታውሳላችሁ? ሰሌዳ ላይ ጽፌላችኋለሁ፣ ሥዕሉን ሠርታችሁልኛል፣ ፈተና ላይም አብዛኞቻችሁ አግኝታችሁታል። የግንዱ ጫፍ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ያመርታል። ሆርሞኑ ወደ ታች ሲወርድ የጎን ቡቃያዎቹን "ቆዩ፣ ተራችሁ አልደረሰም" ይላቸዋል። ጫፉ ሲቆረጥ ከልካይ ስለሌለ የጎን ቡቃያዎቹ ይነሳሉ። አንዱ ቅርንጫፍ ሁለት፣ አራት ይሆናል። እስከዚህ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቪዲዮውም የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው።

ቪዲዮው የማይነግራችሁ ግን ያ ነገር ስንት ቀን እንደሚፈጅ ነው። ተክሉ ሲቆረጥ መጀመሪያ ቁስሉን ይዘጋል። ከዚያ የተኛውን ቡቃያ ይቀሰቅሳል። ከዚያ አዲሱ ቅርንጫፍ የራሱን ቅጠል እስኪያወጣ ከአሮጌው ቅጠል ይበደራል። አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት፣ ተክሉ ወደ ፊት ሳይራመድ ቆሞ ይውላል። ለዌስትላንዱ ቲማቲም ሁለት ሳምንት ምንም አይደለም፤ ዓመት ሙሉ አለው። ለሮማ ግን ሁለት ሳምንት ከዕድሜዋ ላይ የተቆረጠ ቁራጭ ነው። እሷ ቀኗን ቆጥራ ነው የመጣችው። አንተ ብትቆርጣትም ባትቆርጣትም ሰዓቷ ሲደርስ ታብባለች። ልዩነቱ አድጋ ታብባለች ወይስ ቆስላ ታብባለች የሚለው ነው።

ሌላም ከዚህ የባሰ አለ። ገደብ ባለው ቲማቲም ላይ ዋናው ግንድ ቶሎ ያቆማል። ታዲያ ፍሬው ከየት ነው የሚመጣው? ከጎን ቅርንጫፎቹ! እነዚያ "ሌባ" እየተባሉ በብብት ላይ የሚለቀሙት ቡቃያዎች እኮ የነገ ዘለላዎች ናቸው። ገደብ የሌለውን ስትለቅመው ጫፉ ማደጉን ስለሚቀጥል ይክስሃል። ገደብ ያለውን ስትለቅመው የሚክስህ የለም፤ የቆረጥከው ራሱን ምርቱን ነው።

ምን ያናድደኛል መሰላችሁ? መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ከአዳማ በአሰላ መንገድ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው ያለው። በታክሲ የሚደረስ ነው። መልካ ሾላ፣ መልካ ሳልሳ የሚባሉት የቲማቲም ዝርያዎች ከዚያ ነው የወጡት። ቆቃ፣ መቂና ዝዋይ በመስኖ ቲማቲም ሲያለሙ የኖሩ ገበሬዎች ያሉበት አገር ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ተቀምጠን፣ የ40 ሰከንድ ቪዲዮ አይተን፣ የማናውቀውን ሰው አምነን፣ የሚያበላንን ተክል እንቆርጣለን። ከአጠገባችን ያለውን ገበሬ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ከበደን?

ቆራጮቹ የሚያመጧቸውን ክርክሮች አንድ በአንድ እንያቸው።

"ቅጠሉ ምግብ ይበላል፤ ቅጠል ሲቀነስ ምግቡ ወደ ፍሬ ይሄዳል።" ይሄ አባባል የሚገርመኝ ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳይሆን ከአሰልጣኝ አፍ ስሰማው ነው። ቅጠል ምግብ አይበላም፤ ያበስላል! ስኳሩ የሚሠራው እዚያ ነው። ወጥ ቤቱን አፍርሰህ እንግዳ ትጠራለህ? ያረጀ፣ የቢጫ፣ ጥላ ውስጥ የቀረ ቅጠል ካለ አንሳው፤ እሱ ሥራ አቁሟል። አረንጓዴውን ግን ተወው።

"ፍሬው ይተልቃል።" እውነት ነው፣ ሊተልቅ ይችላል። ጥቂት ልጅ ያላት እናት ለእያንዳንዱ የምታጎርሰው ይበዛል። ግን ገበያ ላይ የሚሸጠው በኪሎ ነው ወይስ በፎቶ? አምስት ትልልቅ ፍሬ ከሃያ መካከለኛ ፍሬ በኪሎ አይበልጥም። ለማዕድ ቤትህም ቢሆን ወጡ የሚጠይቅህ ብዛቱን ነው።

"አየር እንዲገባ፣ በሽታ እንዳይዘው።" ይህን አከብራለሁ፣ ግማሹ እውነት ስለሆነ። መሬት የነካ ቅጠል ውሃ ስታጠጡ ጭቃ ይረጭበታል፤ በሽታ ከአፈር ወደ ተክሉ የሚወጣው በዚያ ነው። እሱን አንሱት። ክረምት ላይ ደግሞ ቅጠሉ ረጥቦ ሲያድር ምች ይጨርሰዋል፤ ያኔ በመካከሉ አየር እንዲያልፍ ማድረግ ይጠቅማል። ግን ይሄ ከታች ሦስት አራት ቅጠል የማንሳት ጉዳይ ነው እንጂ ተክሉን የማራቆት ጉዳይ አይደለም። ችግኙን አራርቆ መትከልም መቀስ ሳይነሳ አየር ያስገባል። ደግሞስ ከተክል ተክል ሳይታጠብ የሚሄደው መቀስ ምን እየተሸከመ ይመስላችኋል? የቲማቲም ቫይረስ በእጅና በመሣሪያ ይተላለፋል። ሲጋራ ከያዘ እጅ እንኳ ይተላለፋል። በሽታን ልከላከል ብለህ በሽታን በየቤቱ ታድላለህ።

"ፀሐይ ፍሬውን እንዲያገኘው።" ኧረ በመጋቢት ፀሐይ! አዳማ ነው ያለነው እኮ። ቲማቲም ለመቅላት ቀጥተኛ ፀሐይ አይፈልግም፤ ሙቀት ነው የሚፈልገው። ቅጠሉ ሲነሳበት ፀሐይ የመታው የፍሬው ጎን መጀመሪያ ይነጣል፣ ከዚያ እንደ ወረቀት ይሆናል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። በዚህ ወር ብቻ "ምን በሽታ ነው?" ተብሎ የተላከልኝ ፎቶ ብዙው ይሄ ነው። በሽታ አይደለም። ጃንጥላውን ቀምታችሁት ነው።

"አንተ ዲፕሎማ ነው ያለህ፣ አግሮኖሚስት አይደለህም።" ይሄንን አንድ ሰው ኮመንት ላይ ጽፎልኛል። ልክ ነህ ወንድሜ፣ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። ቀን ለመቁጠርና በሚዛን ለመመዘን ግን ዲግሪ አይጠየቅም። የተናገርኩት ስህተት ከሆነ ስህተቱን አሳየኝ። ወረቀቴን መቁጠር ግን መልስ አይሆንም።

አሁን ደግሞ ዋናው የሚያንገበግበኝ ነገር።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት አሉ። ልጆች ያሳድጋሉ፣ ገቢያቸው ትንሽ ነው። ዘንድሮ ጓሯቸው ላይ ሮማ ተከሉ። ችግኙ ሲያምር! እኔ ራሴ እያለፍኩ አደንቅ ነበር። ስልጠና ተብለው ተጠሩ፣ ሄዱ፣ "ጫፉንና የጎን ቡቃያውን ቁረጡ" ተባሉ፣ መጥተው ሁሉንም ቆረጡ። በቀጣዩ ሳምንት ፎቶ አንሺ መጣ። እውነት ለመናገር ጓሮው ያምር ነበር። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ግንዱ የሚታይ፣ መሬቱ የተጠረገ። ፎቶው ሪፖርት ላይ ገባ። ለቀማ ሲደርስ ግን ለገበያ የሚወጣ አልተገኘም፤ ለቤት ወጥ ብቻ ሆነ። "መምህር፣ ምናልባት መሬቴ አይሆንም መሰለኝ" አሉኝ። አያችሁ? ጥፋቱን መሬታቸው ላይ ጣሉት! "እማማ፣ መሬትዎ ምንም አልሆነም፤ የተነገረዎት ነው ልክ ያልሆነው" ብላቸውም አላመኑኝም። "እንዴ፣ የተማሩ ሰዎች እኮ ናቸው ያሉን" ነው ያሉኝ። ከዚያ ወዲህ አልተከሉም።

ይሄ ነው ጉዳቱ። አንድ ወቅት ምርት ማጣት ያልፋል። አንድ ሰው "እኔ አልችልም" ብሎ እጁን ሲሰበስብ ግን የሚመልሰው የለም። ስልጠና የሚሰጠው ሰው ፎቶውን ይዞ ይሄዳል፤ ባዶ ዘንቢል ይዘው የሚቀሩት እሳቸው ናቸው።

አሰልጣኞችን ሁሉ መውቀሴ አይደለም። ብዙ ጎበዞች አሉ፣ አውቃለሁ። የምቃወመው አንድ ዓይነት መመሪያ ለሁሉም ተክል፣ ለሁሉም ጓሮ፣ ለሁሉም ወር የሚሰጠውን ነው። "ምን ዘር ነው የተከላችሁት?" ብሎ ሳይጠይቅ መቀስ የሚያድለውን ነው። ዶክተር በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት ቢያዝ ምን እንላለን? የተጠረገ ጓሮ ማየት የሚወድ ዓይንም ችግር ነው። ጥሩ ጓሮ ሁልጊዜ የተጠረገ አይመስልም። ሮማ ስታድግ ቁጥቋጦ ናት፣ ዝርክርክ ትላለች፣ ፍሬዋን ቅጠሏ ሥር ትደብቃለች። ጎንበስ ብለህ ቅጠሉን ገለጥ ስታደርግ ነው የምታገኘው። ካሜራ አይወዳትም፤ ሚዛን ግን ይወዳታል።

"እሺ ቲቸር፣ መናደዱን ተወውና ምን እናድርግ?" ለምትሉ፣ ይኸው።

1ኛ፦ መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ዘሩን እወቁ። ፓኬቱ ላይ ተጽፏል፤ ካልገባችሁ የሸጠላችሁን ሰው ጠይቁ። ፓኬቱ ከጠፋ ተክሉን ጠይቁት። በአንዱ የአበባ ዘለላና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ቅጠል ቁጠሩ። በየመካከሉ ሦስት ሦስት ከሆነና ጫፉ ማደጉን ከቀጠለ ገደብ የሌለው ነው። አንድ ወይ ሁለት ብቻ ከሆነና ጫፉ ላይ አበባ ተቀምጦ እድገቱ ከቆመ ገደብ ያለው ነው። ካልለያችሁት አትቁረጡ። ባለመቁረጥ የሚደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው፤ የተቆረጠ ግን አይቀጠልም።

2ኛ፦ ገደብ ያለው ከሆነ ጫፉን በፍጹም አትንኩ። መሬት የነካ ቅጠል አንሱ። ከመጀመሪያው የአበባ ዘለላ በታች ያሉትን የብብት ቡቃያዎች ማንሳት ከፈለጋችሁ ገና ጣት ሳያክሉ፣ አበባው ሳይፈካ አንሷቸው፤ ብትተዉአቸውም ችግር የለም። ከመጀመሪያው ዘለላ በላይ ያለው ሁሉ የእናንተ ምሳ ነው፣ አትንኩት። አበባ ከጀመረ በኋላ ሥራችሁ ውሃና ማዳበሪያ ብቻ ነው።

3ኛ፦ "ቅርጽ ማስያዝ አለብኝ፣ እጄን ያሳክከኛል" የምትሉ ደግሞ እሰሩት! ማሰር አያቆስልም። ከጎኑ እንጨት ትከሉ፤ ሥሩን እንዳትወጉት ችግኙ ትንሽ እያለ ትከሉት። ሻካራ ሽቦ ሳይሆን ከአሮጌ ጨርቅ የተቀደደ ክር ተጠቀሙ። በግንዱና በእንጨቱ መካከል እንደ 8 ቁጥር አዙራችሁ ላላ አድርጉት፤ ግንዱ ሲወፍር እንዳያንቀው። የተጫጫኑትን ቅርንጫፎች ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ሳብ ሳብ አድርጋችሁ ብታስሯቸው መካከሉ ይከፈታል፣ ብርሃንም አየርም ይገባል። የፈለጋችሁትን ሁሉ አንድ ቅጠል ሳትጥሉ አገኛችሁት። ይህንንም ጠዋት ግንዱ ውሃ ጠግቦ ድርቅ ሲል አትሞክሩት፣ ይሰበራል። ከሰዓት በኋላ ለስለስ ሲል ይታጠፋል።

4ኛ፦ ገደብ የሌለው ከሆነ መቁረጥ ይቻላል፣ ይጠቅማልም። አንድ ወይ ሁለት ግንድ ምረጡ፤ የቀሩትን የብብት ቡቃያዎች በየሳምንቱ ትንሽ እያሉ በጣት ቀንጥቡ። አድገው እንደ እርሳስ ከወፈሩ በኋላ መቁረጥ ቁስሉን ያሰፋዋል። ጫፉን የምትቆርጡት መጨረሻ ላይ ነው። አበባ ፍሬ ሆኖ እስኪቀላ ከ45 እስከ 60 ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ክረምቱ ሊገባ ወር ከግማሽ ገደማ ሲቀረው፣ ከመጨረሻው ዘለላ በላይ ሁለት ቅጠል አስቀርታችሁ ጫፉን ቁረጡ። ከዚያ በኋላ የሚወጣ አበባ ስለማይደርስላችሁ ነው።

5ኛ፦ የትኛውም ዓይነት ቢሆን ከተዛወረ ሁለት ሳምንት ያልሞላውን፣ የታመመውን፣ የጠወለገውን፣ ውሃ የጠማውን ተክል አትቁረጡ። እሱ አሁን የሚያስበው ስለ መትረፍ ነው። የምትቆርጡም ከሆነ ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይሁን፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ መቀሱንም እንዲሁ። ረጥቦ ሳለ አትንኩት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ "መምህሩ መቁረጥ ጠላ" እንዳትሉኝ። አልጠላሁም። በሶብላ ተክላችሁ ቅጠሉን ከፈለጋችሁት አበባ ሳያወጣ ጫፉን ቀንጥቡት፣ ይበዛላችኋል። ለበርበሬና ለሽሮ የሚሆን የደረቀ አበባውን ከፈለጋችሁ ግን ተዉት ያብብ። ያው አንድ ተክል ነው፣ የሚለየው የምትፈልጉት ነገር ነው። ጥብስ ቅጠል ብትከረክሙት ይወድዳል። ቃሪያ የመጀመሪያው አበባ ላይ ሲደርስ ራሱ ለሁለት ይከፈላል፤ እናንተ የምትጨምሩለት የለም።

ቡናን እዩ። ያረጀ ቡና ምርቱ ሲወርድ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይጎነደላል። ቁርጡ ሰያፍ ይሆናል፣ ዝናብ እንዳይተኛበት። ከሚያቆጠቁጡት መካከል ሁለት ሦስት ጠንካራ ቡቃያ ተመርጦ ይቀራል። ለቡና ይሄ እንደ አዲስ መወለድ ነው። ግን ለምን ይቻላል? ቡና ዛፍ ስለሆነ፣ ሥሩ ውስጥ ስንቅ ስላለው፣ ከፊቱም ብዙ ዓመት ስላለው። ያም ሆኖ ገበሬው ሁለት ዓመት ያህል ያለ ምርት ይቀመጣል። "ጎንድል" ሲባል የሚያመነታ የቡና ገበሬ አላዋቂ ስለሆነ አይደለም፤ ሁለቱን ዓመት በምን እንደሚያልፋት ስለሚያሰላ ነው። ጉንደላው ትክክል ነው፣ ስሌቱም ትክክል ነው። ቡና እንኳ ሲቆረጥ ጊዜ ይከፈልበታል። ታዲያ የሦስት አራት ወር ዕድሜ ያላት ሮማ ከየት አምጥታ ትክፈል? የጤፍን ጫፍ "ብዙ ቅርንጫፍ እንዲያወጣ" ብሎ በመቀስ የሚቆርጥ ገበሬ አይታችኋል? አላያችሁም። ጤፉ ቀጠሮ እንዳለው ያውቃላ!

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ይጠቃለላል። "ልቁረጥ ወይስ አልቁረጥ?" የመጀመሪያ ጥያቄ አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ "ይህ ተክል ስንት ቀን ቀርቶታል?" ነው። ብዙ ቀን ያለው ተክል ቁስል ይችላል። ቀኑ የተቆጠረበት ተክል አይችልም።

ለተማሪዎቼ ያልኩት መልእክት ይሄው ነው። ይህን ሁሉ ታውቁት ነበር። ኦክሲኑን ታውቁታላችሁ፣ ፎቶሲንተሲሱን ታውቁታላችሁ፣ "ቅጠል ምግብ ያዘጋጃል" የሚለውን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ሸምድዳችሁታል። አራት ምርጫ ሲቀርብላችሁ ትከብባላችሁ። ጓሮ ስትገቡ ግን የምታውቁትን ደጅ ላይ አስቀምጣችሁ፣ ስልክ ላይ የሚጮኸውን ሰው ተከትላችሁ ትገባላችሁ። እውቀት ለፈተና ብቻ ነው ያለው ማነው? ነገ በሕመም ጊዜ፣ በገንዘብ ጉዳይ፣ በልጅ አስተዳደግ እንደዚሁ የሚጮህ ሰው ይመጣል። ያኔም "ለማን ነው የሚሠራው? ለእኔ ሁኔታ ይሆናል ወይ?" ብላችሁ ካልጠየቃችሁ የሚቆረጠው ቲማቲም ብቻ አይሆንም።

በቃ፣ ጨረስኩ። ያልተስማማችሁ እንዳለችሁ አውቃለሁ፤ ኮመንት ላይ መሰዳደብ ግን ይቅርብን። እንዲህ እናድርግ። በሚቀጥለው ወቅት አንድ ዓይነት ዘር፣ በአንድ ቀን፣ አሥር ችግኝ ትከሉ። አምስቱን እንደ ቪዲዮው ቁረጡ፣ አምስቱን ታችኛውን ቅጠል ብቻ አንስታችሁ እሰሯቸው። ውሃና ማዳበሪያ እኩል ይሁን። ከመጀመሪያው ለቀማ እስከ መጨረሻው የየራሳቸውን መዝኑና ደብተር ላይ ጻፉ። ውጤቱን ከዘሩ ስም ጋር ላኩልኝ፤ የማንም ቢበልጥ እዚሁ ገጽ ላይ እንዳለ እለጥፈዋለሁ። እኔና እናንተ ከምንከራከር ሚዛን ይፍረድ።

እስከዚያው ግን መቀሱን አስቀምጡት።

ጓሮ ላለው ሰው ሼር አድርጉለት። በተለይ ስልክ ለሌላቸው ጎረቤቶቻችሁ በቃል ንገሩልኝ፤ የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ሰላም ሁኑ።